ማክሰኞ ምንም አይጣል

ኤኩዋ ከገዛ ሚስቴ ይልቅ የእኔን ቂጥ አዘውትራ ያየች ሴት ናት። ወደ ክፉ አትውሰዱት። በመንደራችን በንሱዋኖ ወንድ የሆነ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ወደ ቋጥኞቹ ይወርዳል፣ ሽርጡን ይሰበስባል፣ ለባሕሩ ጀርባውን ይሰጥና ወገቡን ይሞክራል። አባቴም አያቴም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ድንጋይ አለው። የእኔ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ከአጎቴ የወረስኩት ስለሆነ ማንም አይቀማኝም። ማዕበሉ መጥቶ የጣልነውን ይወስዳል፤ እኛ ቁጢጥ እንዳልን ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ታንኳ ባዶውን እንደገባ እናወራለን። ከዚያ የተሻለ የወሬ ቦታ አላውቅም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ጨዋታችንን የሚያደፈርስ አንድ ራስ ከውሃው ብቅ ይል ነበር።

«ፊፊ! የትናንቱ በርበሬ አልተስማማህም መሰለኝ?» ይላል ራሱ።

ያ ራስ የኤኩዋ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓሣ በጭስ አድርቃ ትሸጣለች። ክንዷ የቀዛፊ ክንድ ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ ይብሳል። ማክሰኞ በእኛ ዘንድ ባሕር የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ታንኳ አይወጣም፤ ወንዶቹ መረብ ሲጠግኑ ይውላሉ። እሷ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ሽርጧን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትገባና ፀሐይ ሞቅ እስክትል ትዋኛለች። በንሱዋኖ ለደስታው ብሎ ባሕር የሚገባ ሌላ ትልቅ ሰው አልነበረም።

አትደነቁ፤ የእኛ አገር አጥማጅ ዋና አያውቅም። «ዋና የሚማር ሰው ታንኳው እንዲገለበጥለት የሚመኝ ነው» እንላለን። አባቷ ኤጂያ ኩዋንሳም እንደኛው ይል ነበር፤ ኤጂያ የምንለው ለአክብሮት ነው፣ አባት እንደማለት። በኋላ ግን ሁለት ወንድሞቹ ከዳርቻው ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ሰጥመው ሲሞቱ በዓይኑ አየ። ከዚያ የት እንደተማረ ሳናውቅ ዋና ተማረና ልጆቼን ካላስተማርኩ አለ። ኤኩዋ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ታናሽ ወንድሟ ኮቢና ስድስት። ኮቢና ማክሰኞ የተወለደ ልጅ ነው፤ በእኛ አገር ስም በተወለዱበት ቀን ስለሚወጣ ስሙ ራሱ ይናገራል። «በገዛ ቀኔ ባሕር አልነካም!» ብሎ አንድ የኮኮናት ዛፍ ላይ ተጠመጠመ። እናቱም ደገፈችው። አባትየው ሴቷን ልጅ ብቻ ይዞ ገባ።

ዛፍ ላይ የተጠመጠመው ልጅ አድጎ የአጥማጆቻችን አለቃ ሆነ፤ በአለቃ ማዕረግ ናና ኮቢና እንለዋለን። እኔ ደግሞ አፈ ቀላጤው ነኝ። አለቃ በአደባባይ በገዛ አፉ አይናገርም፤ ለእኔ በጆሮዬ ይነግረኛል፣ እኔ አሳምሬ አወጣዋለሁ። ለእሱ የሚነገረውም በእኔ በኩል ያልፋል። ጫፉ ላይ ወፍ የተቀረጸበት የሹመት በትር አለኝ። ያለ በትሩ ማንም አይሰማኝም፤ ሚስቴ በትሩን ይዤም አትሰማኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዋና ከተማ ሰዎች በሁለት መኪና መጥተው ባሕራችንን እንድንወድ መከሩን። ቆብ አደሉን። «ባሕራችን ሕይወታችን» የሚል ሰሌዳ ተከሉልን። ከመካከላቸው አንድ እንኳ ውሃውን የነካ አልነበረም፤ ቋጥኞቹን አንዴ አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። ኤኩዋ ብድግ አለችና፣ «ልጆቼ፣ ሰው ገብቶበት የማያውቀውን ቤት አይጠርግም። ጫማችሁን አውልቁና አብረን እንግባ» አለቻቸው። በሚቀጥለው ጊዜ አሉ። ሰሌዳው ዛሬ የዶሮዎቼ ቤት ጣሪያ ነው፤ ዝናብ አያስገባም።

እሷ ግን ነገሩን አልተወችም። በየምድጃው እየዞረች ሴቶቹን «ኑ እንግባ፣ ባሕሩ የእናንተም ነው» ትላቸው ነበር። አንድ ማክሰኞ ማንሳ ደፍራ ገባች። ማንሳ የበቆሎ ሊጥ በቅጠል ጠቅልላ እየቀቀለች ኬንኪ የምትሸጥ ሴት ናት። ውሃው ገና አንገቷ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ተንሳፍፎ መጥቶ አገጯ ሥር ሰላም አላት። እየጮኸች ወጥታ እስከ ቤቷ ሮጠች፤ የዚያን ቀን ኬንኪ የሚገዛትም አልተገኘም። ያ ነገር የእኔ እንዳልሆነ እምላለሁ። ሰዓቱ ግን ያስጠረጥራል።

ከዚያ ዓሣ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ ከሩቅ የሚታዩት የብረት መርከቦች ከላይ እስከ ታች ጠርገው ይወስዱታል። የብረት መርከብ ግን ሽማግሌዎች ወደሚፈርዱበት የታንኳ ዳስ ጠርቶ መውቀስ አይቻልም። ኤኩዋን ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የእኛ ሕግ የተጻፈ አይደለም፤ ያለው አፈ ቀላጤው አፍ ውስጥ ነው። አጎቴ በሹመቱ ላይ ሳለ የማክሰኞን ሕግ የሚያውጀው፣ «ማክሰኞ ባሕር ያርፋል፤ መረብ አይጣል» ብሎ ነበር። አጭር ነው፤ ሰው ጉሮሮውን ሳይጠራርግ ያልቃል። እኔ ስሾም ይህ አላጠገበኝም። በሁለተኛው ዓመት፣ ሕጉ በሚታወጅበት የመንደሩ በዓል ላይ፣ «ማክሰኞ ባሕር ያርፋል፤ በፊቱም ላይ ምንም አይጣል፣ ምንም! የጣለ በግ ያርዳል!» አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም በዚያው ገፋሁበት፤ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ማንም ልብ ያላለ መስሎኝ ነበር።

ዓሣው የጠፋ ሰሞን ሽማግሌዎቹ ዳሱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኤጂያ ታዊያ የሚባል ዕድሜ የጠገበ አጥማጅ፣ «ሕጉ ምንም አይጣል ይላል። ይህች ሴት ማክሰኞ ማክሰኞ ራሷን ባሕር ላይ ትጥላለች። ባሕሩ እንቅልፍ አጥቶ እንዴት ዓሣ ይስጠን?» አለ። ቃሌ ሲጠቀስ ደስ አለኝ። «እውነት ነው» አልኩ። ናና ኮቢናም እኅቱ በመጪው ሐሙስ ቀርባ እንድትጠየቅ አዘዘ። ጥፋተኛ ከተባለች ዕድሜዋን ሙሉ፣ በየትኛውም ቀን፣ ባሕር እንዳትገባ።

ጥሪውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ምድጃዋ አጠገብ ዓሣ ስታገላብጥ አገኘኋት።

«ኤኩዋ፣ ናና ልኮኝ ነው የመጣሁት።»

«ካልላከህማ መች ትመጣለህ? ተቀመጥ። ኧረ እዚያ ቅርጫቱ ጋ አይደለም! ያንተ መቀመጥ እኮ ያስፈራኛል።»

ነገርኳት። እጇ ላይ የነበረውን ዓሣ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ነው ያለው?»

«ዕድሜሽን ሙሉ።»

«እሱ ራሱ ነው ያለው ወይስ አንተ ነህ ያሳመርከው?»

«ይሄን አላሳመርኩትም።»

ኤኩዋ ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። «ጭሱ ነው» አለችኝ። ጭሱ የሚነፍሰው ወደ እኔ ነበር።

ሐሙስ ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፣ ሕፃናቱ ታንኳዎቹ ላይ ተሰቅለዋል። በትሬን መሬት ላይ መትቼ ሕጉን በሙሉ ድምፄ አወጣሁት። «ምንም!» ስል ዶሮዎች ተበተኑ። ቀጥዬ ክሱን አሰማሁ።

«ይህን የሚያህል ገላ ባሕር ፊት ላይ ይጣላል!» አልኩ። «እንኳን ባሕር እኔም ብሆን አልተኛም!»

ወንዶቹ ሳቁ። ኤኩዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ተነሣች።

«ፊፊ፣ ጆሮዬ ደክሟል መሰለኝ። የማይጣለው መረብ ብቻ አልነበረም እንዴ?» አለች በየዋህ ድምፅ።

እዚህ ጋ ሰው ብሆን ኖሮ «አዎ፣ ድሮ እንደዚያ ነበር» እላለሁ፤ ነገሩም ያልቃል፤ እሷም ወደ ባሕሯ ትሄዳለች። ግን ያን ያህል ሕዝብ እያየኝ ባማረው ቃሌ ላይ ጥያቄ ሲነሣ ደሜ ፈላ።

«ምንም ማለት ምንም ነው!» አልኩ። «መረብም ይሁን መንጠቆ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከሰው የሚወድቅ ማናቸውም ነገር!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኤኩዋ ፈገግ አለች።

«ተባረክ። እንግዲህ ስሙኝ። የጣለ ሰው የጣለውን ትቶ ይሄዳል። እኔ ይዤው የገባሁትን ገላ ይዤው እወጣለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቀንሶልኝ አያውቅም።» ሴቶቹ አጓሩ። «ጥለው የሚሄዱትን ልቁጠርላችሁ? ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ውሃ ውስጥ ነኝ። ሁላችሁንም አያችኋለሁ።»

«ውሸታም!» አለ ኤጂያ ታዊያ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «በዚያ ድንግዝግዝ የማንን ፊት አይተሽ ነው?»

«ኤጂያ፣ እኔ እናንተን የማውቃችሁ በፊታችሁ አይደለም። የእርስዎ በግራ በኩል ጠባሳ አለበት።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። የኤጂያ ታዊያ ሚስት ከሴቶቹ መካከል፣ «አለበት! አለበት!» እያለች ትጮኻለች። ወጣቶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«የፊፊ ደግሞ...» አለች ኤኩዋ።

«ይበቃል! ገብቶናል!» አልኩ እኔ።

«ባሕሩ ተኝቷል ትላላችሁ» አለች፣ አሁን አልሳቀችም። «እኔ በቀስታ ብዋኝበት ከነቃ፣ እናንተ ፊቱ ላይ ስትቀመጡበትማ ምን ይሁን? ለእያንዳንዱ ማክሰኞ አንድ በግ ከታረደ እኮ እስከ በረሃው ድረስ ባለው አገር በግ አይተርፍም።»

ወንዶቹ እግራቸውን እግራቸውን ማየት ጀመሩ። ናና ኮቢና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ጠይቃት» አለኝ። «ጨዋታው ይቅርና፣ በዚህ ዕድሜዋ ከውሃው ምን ትፈልጋለች?»

ጠየቅኋት። ኤኩዋ ወንድሟን ቀጥ ብላ እያየች ለእኔ ተናገረች።

«ንገረው። መሬት ላይ ጉልበቴ ያመኛል። አርባ ዓመት ምድጃ ሥር ተቀምጬ ዓይኔም ደረቴም ጭስ ሆኗል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠራኝ ሰው ሁሉ የሚፈልግብኝ ነገር አለ። ባሕር ስገባ ጉልበቴ ዝም ይላል። ማንም አይጠራኝም። ከሰባት ቀን አንዷን ነው የምወስደው። እሷን ከወሰደብኝ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም። በለው።»

አልኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ መጨመር አቃተኝ።

ናና ከዚያ በተሰበረ ድምፅ ነገረኝ፣ እኔም አወጣሁት፤ ሕጉ ሕግ ነው። ማክሰኞ በባሕር ፊት ላይ ከሰው የሚወድቅ ማናቸውም ነገር አይጣል። ኤኩዋ ምንም ስላልጣለች ነጻ ናት። ያለፈው ይቅር ተብሏል፤ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ግን ቋጥኝ ላይ ቁጢጥ ብሎ የተገኘ ሰው በግ ያርዳል።

ሆድ ግን ማክሰኞን አያውቅም። ያን የመጀመሪያ ቀን መቼም አልረሳውም። ጎህ ሲቀድ የንሱዋኖ ወንድ ሁሉ ጥርሱን ነክሶ፣ ጭኑን ገጥሞ፣ በአጭር በአጭር እርምጃ መንደሩን ይዞራል። ቋጥኞቹ ፊት ሴቶቹ ማማሰያቸውን ይዘው ተደርድረዋል፤ በእኔ ድንጋይ ላይ ሚስቴ ተቀምጣለች። በመንደሩ ደህና ሽንት ቤት ያለው የፓስተሩ ግቢ ውስጥ ብቻ ስለነበር ሰልፉ እስከ ገበያው ደረሰ። ፓስተሩ ያን ያህል ምእመን በበሩ አይቶ ስለማያውቅ መጽሐፉን ይዞ ወጣና ስብከት ጀመረ። ኤጂያ ታዊያ በየመሃሉ «አሜን! አሜን!» ይል ነበር፣ እንዲያሳጥረው። አላሳጠረውም።

በሳምንቱ የየታንኳው ሰዎች አካፋ አንሥተው ከዳሱ በስተኋላ ስምንት ጉድጓድ ቆፈሩ። ሰው በቆፈረው ጉድጓድ ራሱ ይገባል ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው የገባኝ። ታንኳዎቻችን ሁሉ ጎናቸው ላይ የተጻፈ መፈክር አላቸው፤ ሠራተኞቹም ያንኑ በየሽንት ቤታቸው በር ላይ ጻፉት። የናና ታንኳ ሰዎች ሽንት ቤት «ሁሉም ያልፋል» ይላል።

እኔ ማክሰኞን ከተገላገልን በቂ ነው ብዬ ነበር። ማንሳ ግን መጣችብኝ።

«ኤጂያ ፊፊ፣ ሰኞ የተጣለ ነገር ማክሰኞ ባሕሩ ላይ ካለ፣ ማክሰኞ ተጥሏል ማለት አይደለም?»

«እሱማ...»

«ሕጉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እራቴ በእጇ ነው። አዎ አልኩ። በዚህ ዓይነት ሰኞ ሄደ፣ ቀጥሎ እሑድ ሄደ፣ በመጨረሻ ሳምንቱ ሁሉ አለቀ። ከዚያ የክርክሩ ጎርፍ በእኔ ላይ ወረደ። የሚጠጣ ውሃ የታሸገበት ላስቲክ መጣል ነው ወይ? ነው። የተበጣጠሰ መረብስ? ነው። የዓሣ ሆድ ዕቃ? ከባሕር የወጣ ስለሆነ ሁለት ቀን አሰብኩበትና እሱም ነው አልኩ። ምራቅ? ከዚህ በላይ አታድክሙኝ አልኩ።

ማዕበሉ በሦስት ወር ቋጥኞቹን አጥቦ ሌላ ድንጋይ አደረጋቸው። ድንጋዬ ነጭ ኖሯል። ሴቶቹ በአምስት በስድስት መግባት ጀመሩ፣ ከዚያ በሃያ፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ። ኤኩዋ መሃላቸው ቆማ፣ «ሆድሽን ወደ ላይ! አትፍሪው፣ ባልሽ አይደለም!» እያለች ታስተምራለች። ሽርጣቸው ተነፍቶ ባሕሩ ላይ ሲንሳፈፉ፣ ሲጯጯሁ፣ ሲሳሳቁ፣ ማንሳም ዳር ላይ ትኩስ ኬንኪ በጥብስ ዓሣ ስትሸጥ፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሠርግ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ከወዲያኛው መንደር ሁለት ጎረምሶች ዓሣ በባሩድ ሊገድሉ መጡ። አርባ ሴት ራሷን ከውሃው አውጥታ የእናታቸውን ስም እየጠራች ስትሳደብ መቅዘፊያቸውን ጥለው ሊሄዱ ምንም አልቀራቸው። ዓሣው ተመለሰ ብዬ አልዋሽም፤ የብረት መርከቦቹ እዚያው ናቸው። ግን እነሱንም እያየ የሚሳደብና ስማቸውን ጽፎ ለመንግሥት የሚልክ ሰው ተገኝቷል። ድሮ ማን ቀና ብሎ ያይ ነበር? ጀርባችንን ሰጥተን አይደል የምንቀመጠው።

ናና ኮቢና ግን አንድም ማክሰኞ ዳርቻው ላይ አልታየም። ዳሱ ውስጥ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ መረብ ይጠግናል። ከእኅቱ ጋርም አይነጋገርም። አንድ ማክሰኞ ብቻችንን ሆነን ክር ሳቀብለው በድንገት፣

«አጎትህ ‹መረብ› ነበር የሚለው» አለኝ።

«ናና... ያውቁ ነበር?»

«ልጅ ሆኜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ክሱ የመጣ ቀን ለምን ዝም አሉ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

«በትሬን እንዳልነጠቅ ፈርቼ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እኔ ቀንቼ ነው» አለ። «አባባ እሷን ይዞ ሲገባ ዛፉ ላይ ሆኜ እያለቀስኩ አየኋቸው። ይስቁ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እሷ ውሃ በገባች ቁጥር እኔ አሁንም ያንን ዛፍ እንዳቀፍኩ ነኝ። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ ባሕር እፈራለሁ፣ ፊፊ። ለማንም እንዳትናገር።»

ለማንም እንዳልናገር አፈ ቀላጤውን! በቀጥታ ወደ ኤኩዋ ሄድኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትስቅበታለች ብዬ ነበር። ምድጃዋን ቆሰቆሰች።

«ንገረው» አለችኝ። «አባባ ያስተማረኝ ለሁለታችን ነው በለው። የእሱ ድርሻ እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ናና ኮቢና የክብር ልብሱን ለብሶ ወደ ዳርቻው ወረደ። መንደሩ በሙሉ ተከተለው። ውሃው ጫፍ ላይ ልብሱን አውልቆ በቁምጣ ቀረ፤ ትንሽ ቦርጭ አለችው። ኤኩዋ ውሃው ውስጥ ደረቷ ድረስ ቆማለች።

«ጠይቃት፣ ጥልቅ ነው ወይ?» አለኝ።

«ኤኩዋ ሆይ፣ ናና ጥልቅ ነው ወይ ይላል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እምብርቱ ድረስ ነው በለው!»

«ይቀዘቅዛል ወይ በላት።»

«ይቀዘቅዛል ወይ ይላል!»

«ገብቶ ይየው በለው!»

ገባ። ጉልበቱ ድረስ፣ ወገቡ ድረስ። ማዕበል መጣና ፊቱን በጥፊ አለው።

«ኤኩዋ!» ብሎ በገዛ አፉ ጮኸ። «ብሰምጥ እገድልሻለሁ!»

«ና፣ መጀመሪያ ተንጋለል» አለች፤ ክንዱን ያዘችው። ከሕዝቡ አንድም ሰው አልሳቀም። ጀርባውን በአንድ እጇ፣ ማጅራቱን በሌላው ደግፋ ቀስ አድርጋ አስተኛችው። መጀመሪያ እንደ ሸርጣን ተራገጠ። ቆይቶ እግሩ ላላ፤ ሆዱ ብቅ አለ፤ ዓይኑ ሰማይ ላይ ቀረ።

«ይሸከማል እንዴ?» አለ።

«ዝም ካልከው ይሸከማል።»

ባለፈው ዓመት የናና ታንኳ ወደ ዳርቻው ሲገባ ተገልብጦ ሦስት ወጣቶች ሞተውበታል። ከዳርቻው በጣም ቅርብ ስለነበሩ የእናቶቻቸውን ስም ሲጠሩ ሁላችንም ሰምተናል። እሱ የታንኳውን ሆድ አቅፎ ተረፈ። ከሦስቱ እናቶች አንዷ አሁን ከሴቶቹ ጋር እዚያው ውሃ ውስጥ ቆማ ታየው ነበር።

«እነሱንም ይሸከማቸው ነበር ማለት ነው?» አለ ናና።

ኤኩዋ ራሱን ወደ ትከሻዋ አስጠግታ ያዘችው፤ እንባው ይሁን የባሕሩ ውሃ ፊቱ ላይ ይወርዳል። እኔ አለቀስኩ። አፈ ቀላጤ በአደባባይ አያለቅስም የሚሉ ሰዎች ዋሽተዋል።

«ፊፊ!» ሲል ሰማሁት፣ እዚያው ተንጋልሎ።

«አቤት ናና!»

«አውጅ። ከዛሬ ጀምሮ በውሃ ላይ እንዲህ መተኛት ያልቻለ ሰው ከዚህ ዳርቻ ታንኳ ላይ አይሳፈርም። ማንም ይሁን ማን።»

በትሬን አሸዋው ላይ መትቼ እንዳለ አወጅኩት። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ናና ጣቱን ከውሃው አውጥቶ ወደ እኔ ቀሰረ።

«ከእሱ ጀምሩ» አለ።

በትሩን ማንሳን አስያዝኳትና ሽርጤን አጥብቄ ገባሁ። ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር።